ክርስቲያናዊ ዜግነት በሐዋሳ፦ ፍርድ፣ ምሕረት፣ ትሕትና

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከነዋሪዎቿ የሚበዙት ፕሮቴስታንቶች ሲሆኑ ኦርቶዶክሶች ይከተላሉ። እንዲህ ባለ ከተማ ክርስትና የእሑድ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አከራዩም ተከራዩም፣ የቀበሌ ሠራተኛውም ባለጉዳዩም፣ ባለባጃጁም ትራፊኩም አንድ መጽሐፍ ሲነበብ ሰምተው ያደጉ ናቸው። ነቢዩ ሚክያስ በምዕራፍ 6 ቁጥር 8 እግዚአብሔር ከሰው የሚሻውን በሦስት ነገር ይጠቀልለዋል፦ ፍርድን ማድረግ፣ ምሕረትን መውደድ፣ በትሕትና መሄድ። ሦስቱ ግን በከተማዋ እኩል ሥር አልሰደዱም።

ምሕረት ቀንም ቦታም አለው። በየወሩ በ19፣ ይልቁንም በታኅሣሥና በሐምሌ ክብረ በዓል፣ መሀል ከተማ ባለው የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነዳያን ተደርድረው ይቀመጣሉ። ምጽዋት ሰጪው ብሩን በሳንቲም መንዝሮ ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል፤ ሲያልቅበት አንገቱን ደፍቶ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ያልፋል። ዝክርና የጽዋ ማኅበር ከዚሁ ወገን ናቸው። በወንጌል አማኞች ዘንድ ሥራው የዲያቆናት ነው፦ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለቸገረው መዋጮ ይሰበስባሉ። ዕድር የቤተ ክርስቲያን ተቋም ባይሆንም ድንኳኑና ብረት ድስቱ የሟችን ሃይማኖት ሳይጠይቅ ይወጣል።

ምጽዋት ብቻውን አይበቃም የሚለው ሐሳብም በዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ፣ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይቶ ማገልገል እንደማይገባ ተከራክራለች። በወቅቱ ዋና ጸሐፊዋ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገድለዋል። የቤተ ክርስቲያኒቱ የደቡብ ኢትዮጵያ ሲኖዶስ መቀመጫ ሐዋሳ ነው።

ትሕትና ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሽምግልና ላይ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ወይም ወንድማማቾች በውርስ ቤት ሲካሰሱ፣ ሁለት ሦስት ትልልቅ ሰዎች የንስሐ አባት ወይም የአጥቢያ ሽማግሌ ይዘው አመሻሹ ላይ በር ያንኳኳሉ። “ኧረ ቁጭ በሉ” ሲባሉ “የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም” ይላሉ። ቡና ቢቀርብም ወዲያው አይነካም። በዳይ እግር ላይ ይወድቃል፤ በደሉ ከከበደ በቆየው ልማድ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቀርባል፤ “ይቅር ለእግዚአብሔር” እስኪባልም አይነሣም። በሲዳማ ባህል የዚህ አቻ የሆነ ሥርዓት አለ። አፊኒ፣ “ሰማችሁ?” እንደ ማለት፣ ነገርን ሁሉ አሰምቶና ተመካክሮ መፍታት ነው፤ ሸንጎው ሶንጎ ይባላል፤ የሚፈለገውም ሀላሌ፣ እውነት ነው። የሐዋሳ ሸምጋይ ጥቅሱን ከሚክያስ፣ አካሄዱን ከአፊኒ ቢወስድ አይገርምም።

ሽምግልና ግን ዳር ድንበር አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎች ሲስማሙ ነው። የተደፈረች ልጅን “ይቅር በይ፣ ቤተሰብ ይታረቅ” ማለት፣ ማንም ሽማግሌ ቢለው፣ ምሕረት አይባልም፤ ፍርድን መቅበር ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሲሞትና ሲፈናቀልም፣ ሁለቱም ሕዝቦች በብዛት የወንጌል አማኞች መሆናቸው አላስቆመውም። እርቅ የተጀመረው ከደሙ በኋላ ነበር።

ወደ ፍርድ ስንመጣ ነገሩ ይሳሳል። የቀድሞ ሰው መንገድ ላይ “በሕግ አምላክ!” ሲባል ይቆም ነበር፤ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል የነበረው ለዚህ ነው። በዚያ አነጋገር ሕግና አምላክ አንድ ቃል ነበሩ። ዛሬ ምሕረት ኮሚቴ፣ ሳጥንና ደረሰኝ ሲኖረው፣ “ይህ ደመወዝ ያኖራል?” ብሎ የሚጠይቅ ኮሚቴ በየአጥቢያው ማግኘት ይቸግራል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በብዛት ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችን ቀጥሯል፤ ብዙዎቹ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። አከራያቸው የጸሎት እናት ልትሆን ትችላለች። የኪራይ ጭማሪው ግን የጸሎት ርእስ ሲሆን አይሰማም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ግን ወደፊት በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ተትቷል። ደንቡ እስኪመጣ የእሷ ሕግ የአሠሪዋ ሕሊና ነው፦ ደመወዟ በወሩ ይከፈላል ወይ፣ የዕረፍት ቀን አላት ወይ፣ ሳህን ሲሰበር ከደመወዟ ይቆረጣል ወይ። እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ነጭ ለብሶ ወይም መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ሲወጣ፣ ምሳ ለማድረስ የምትቀረው እሷ ናት።