«አካፋን አካፋ ማለት»፦ የአባባሉ ትርጉምና አመጣጥ

ነገርን ሳይሸፋፍን በትክክለኛ ስሙ የሚጠራን ሰው «አካፋን አካፋ፣ ዶማን ዶማ ይላል» እንለዋለን። እንግሊዝኛም ይህንኑ አባባል ይጋራል፤ አካፋውን የሚጠራውም «ስፔድ» በሚለው ቃል ነው። አባባሉ ስለ ትክክለኛ ስም የሚናገር ቢሆንም ወደ እንግሊዝኛ የገባው ግን በተሳሳተ ስም በኩል መሆኑ እጅግ ያስደንቀኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው በመቄዶንያ ነው። የኦሊንቶስ ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ348 በታላቁ እስክንድር አባት በንጉሥ ፊሊጶስ እጅ ወደቀች፤ ከተማዋን አሳልፎ በመስጠት የሚከሰሰውም ላስቴንስ የተባለ የአገሩ ሰው ነበር። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ የላስቴንስ ወገኖች የንጉሡ ሰዎች «ከሃዲ» እያሉ እንደሚጠሯቸው በምሬት አቤት ባሉ ጊዜ፣ ፊሊጶስ «መቄዶንያውያን በተፈጥሯቸው ያልተገሩ ባላገሮች ስለሆኑ ገንዳን ገንዳ ይላሉ» የሚል መልስ ሰጣቸው። መልሱ ላይ ላዩን ሲያዩት ማባበያ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ «ከሃዲ» የሚለውን ስም ከላያቸው አላነሣላቸውም።

ታዲያ ገንዳው እንዴት አካፋ ሆነ? በግሪክኛው የተጻፈው «ስካፌ» ተፈልፍሎ የተሠራን ነገር፣ ገንዳንም ሆነ ትንሽ ጀልባን የሚጠራ ቃል ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዱ «ስካፌዮን» ደግሞ የመቆፈሪያ መሣሪያ ስም ነው። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ ንግግሩን ወደ ላቲን ሲመልስ እነዚህን ሁለት ቃላት ሳያምታታ አልቀረም፤ በገንዳው ቦታ «ሊጎ» የሚል ቃል አስገባ፣ ሊጎ ደግሞ ዶማ ነው። ኒኮላስ ዩዳል እ.ኤ.አ. በ1542 የኤራስመስን ሥራ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉም ሊጎን «ስፔድ» አለው፤ አባባሉም በዚሁ መልክ ጸና።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛ ለሚማር አማርኛ ተናጋሪ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «ስፔድ»ንም «ሾቨል»ንም እኛ ባንድነት «አካፋ» ብለን ብንተረጉማቸውም፣ ስፔድ ጠፍጣፋ ስለት ያለው፣ በእግር እየተረገጠ ያልተነካ መሬት የሚቆፈርበት ሲሆን፣ ሾቨል ግን ሰፊና ጎድጎድ ያለ፣ የተቆፈረ አፈር ወይም አሸዋ የሚዛቅበት ነው። የእኛ አካፋ የሚዛቅበት እንጂ የሚቆፈርበት ባለመሆኑ ይበልጥ የሚቀርበው ለሾቨል ነው፤ ለመቆፈሩ ዶማ አለን። ስለዚህም «ዶማን ዶማ» የሚለው የአማርኛው ሁለተኛ ሐረግ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለኤራስመስ ቃል የቀረበ ሆኖ ይገኛል።

እንግሊዞች በዚሁ ልዩነት ላይ ተመሥርተው ሌላ አባባል ጨምረዋል፦ ከግልጽነት አልፎ ወደ ብልግና የሚሄድን ሰው ስፔድን «የተረገመ ሾቨል» ብሎ ይጠራል ይሉታል። ይህ ጭማሪ የዋናውን አባባል ወሰን በሚገባ ያሳያል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎች ግልጽነትን ከተመሳሳይ ቃላት መካከል ሻካራውን መምረጥ አድርገው ይረዱታል። ገንዘቡን በጥንቃቄ የሚያወጣን ሰው «ትሪፍቲ» ብንለው ቆጣቢነቱን ማመስገናችን ነው፤ «ስቲንጂ» ብንለው ግን ንፉግ ብለን መስደባችን ነው። ሰውዬው በእርግጥ ቆጣቢ ከሆነ ሁለተኛው ቃል ስለ መረረ ብቻ እውነት አይሆንም፤ ንፉግም ከሆነ የመጀመሪያው ቃል ስለ ለሰለሰ ብቻ ጨዋነት አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በአሜሪካ «ስፔድ» የሚለው ቃል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጥቁር ሕዝብ መስደቢያ ሆኖ አገልግሏል። አባባሉ ከስድቡ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም፣ በአመጣጡም ከዘር ጋር የማይገናኝ ቢሆንም፣ ዛሬ ሲሰሙት የሚቀፋቸው ሰዎች ስላሉ፣ በዚያ አገር የሚኖር ወገናችን በሥራ ቦታም ሆነ በትምህርት ቤት «በግልጽ ልናገር» የሚለውን ተራ እንግሊዝኛ ቢመርጥ ይሻለዋል።