የኒውክሌር ቁስ ጠባቂዎች ምን ይማራሉ?

የኒውክሌር ቁስ (እንደ ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም ያለ) ለቦምብ እንዳይውል የሚሠሩ ባለሙያዎች ሥልጠና ሁለት መልክ አለው። አንዱ ሌባን ለመከላከል፣ ሌላው መንግሥታትን ለመቆጣጠር ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሌባን በሚመለከት አንጋፋው ኮርስ አሜሪካ፣ አልበከርኪ ከተማ የሚገኘው የሳንዲያ ላቦራቶሪ ከ1978 ጀምሮ ለተለያዩ አገራት ባለሙያዎች የሚሰጠው ነው። ዋናው ነገር የደቂቃ ሒሳብ ነው። ሌባው ከታየባት ቅጽበት ጀምሮ ቁሱ ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ጠባቂዎቹስ በስንት ደቂቃ ይደርሳሉ? እነሱ ከዘገዩ ካሜራው ስርቆቱን ከመቅረጽ ያለፈ ፋይዳ የለውም፤ ማንም ሳያይ የተቆረጠ አጥር ደግሞ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ከሒሳብ አይገባም። ከሁሉ የሚከብደው የውስጥ ሰው ነው። መታወቂያ አለው፣ ቁልፍ ይዟል፣ ካሜራው የማያየውን ጥግ ያውቃል።

መንግሥታትን የመቆጣጠሩ ሥራ በ1970 ሥራ ላይ በዋለው የኒውክሌር ጦር መሣሪያ አለመስፋፋት ስምምነት መሠረት የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ነው። አዳዲስ ተቆጣጣሪዎች መዝገብን ከቁሱ ጋር ማመሳከር፣ የታሸገበት ማኅተም መነካቱን መለየት፣ ጨረር መለካት ይማራሉ። 8 ኪሎ ፕሉቶኒየም ለአንድ ቦምብ ሊበቃ ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ ጉድለት በዋዛ አይታለፍም። እኔን የሚገርመኝ ግን የጥጥ ጨርቋ ናት። ተቆጣጣሪው ግድግዳና ዕቃ ይጠርግባትና ላቦራቶሪ ይልካታል፤ በዓይን የማይታይ ብናኝ እዚያ ክፍል ምን ሲሠራ እንደነበር ያሳብቃል።

ሥልጠናው ለፖሊስ፣ ለጉምሩክና ለሆስፒታል ሠራተኞችም ይሰጣል። ምክንያቱ አያሻማም፦ በ1987 ብራዚል፣ ጎያኒያ ውስጥ ከተተወ ክሊኒክ የወጣ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ቆራሌው ሰፈር ተፈታትቶ፣ ውስጡ የነበረው ጨረር አመንጪ ሲዚየም አራት ሰው ገድሏል።

በዲግሪ ደረጃ መማር ለሚፈልግ፣ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ በዘርፉ ስም አለው፤ ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ያለው የሚድልበሪ ተቋምም በጦር መሣሪያ አለመስፋፋት ላይ ማስተርስ ሲያስተምር ቆይቷል፤ በ2025 ግን የማስተርስ ፕሮግራሞቹን ቀስ በቀስ እንደሚዘጋ አስታውቋል። ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ቻይና የራሳቸውን ማሠልጠኛ ከፍተዋል። ኤጀንሲው በበኩሉ በ2023 ከቪየና ወጣ ብሎ ሳይበርስዶርፍ ላይ የተግባር ማዕከል አስመርቋል። በ2020 የጀመረው የማሪ ኩሪ ስኮላርሺፕም በዘርፉ ማስተርስ ለሚማሩ ሴቶች ነው።

በአካል የሚሰጡት የኤጀንሲው ኮርሶች አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥት መታጨትን ስለሚጠይቁ ለተራ ተማሪ በሩ ጠበብ ይላል። በኢንተርኔት የሚሰጡት ግን ነፃ ናቸው፤ መመዝገብ ብቻ ነው።