«ከግብር ነፃ» ሲባል ከማን ነፃ?

ባለፈው እሁድ አያት ሰፈር፣ ቡና ላይ ነን። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣችው የአክስቴ ልጅ ስልኳን አሳየችኝ። ዜግነቷ አሜሪካዊ ነው፤ ቻይና ዩኒቨርሲቲ ልታስተምር ነው። ውሉ «ከገቢ ግብር ነፃ» ይላል። «በቃ ተገላገልኩ!» አለች።

ቆይ እስቲ፣ ከማን?

ግብሩን የምትተውላት ቻይና ናት። የሁለቱ አገሮች የግብር ስምምነት አንቀጽ 19 ለመምህራን የሚሰጠው እፎይታ በድምሩ 3 ዓመት ነው፣ ያውም ለማስተማሪያ ደሞዝ። አሜሪካ ግን ዜጋዋን የትም ቢሠራ የገቢ ግብር ትጠይቃለች። እዚያ ያለው ሌላ መብት ነው፦ ሥራውን ውጭ አድርጎ በ12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአገር ውጭ የቆየ፣ ለ2025 እ.ኤ.አ. እስከ 130,000 ዶላር የሚደርስ የሥራ ገቢው ከግብር ይወጣለታል። ይህም በራሱ አይመጣም። ዓመታዊ የግብር መግለጫ ሞልቶ መጠየቅ ግድ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

330 ቀኑን ለማስረዳት እንዲሆናት የፓስፖርቷን የመግቢያና የመውጫ ማህተም ሁሉ ፎቶ እያነሳች እንድታስቀምጥ አደራ አልኳት።