ቦዬ፦ ጅማ ደጃፍ ላይ ያለው የወፍ ሰፈር

ቦዬ ከጅማ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ ረግረግ ነው። ከመሃል ከተማ በባጃጅ ይደረሳል። ሐይቅ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው በበጋ ትንሽ ቅር ሊለው ይችላል፤ ውሃው ይሸሽና ዳር ዳሩ የከብት ግጦሽ ይሆናል። ወፍ ፈልጎ ለሚሄድ ግን ይሄው ጭቃ ነው ድግሱ።

ውሃው የሚመጣው ከከተማው ነው። ጅማን አቋርጦ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ወደ ቦዬ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይቀጥላል። ስለዚህ ጅማ የጣለችው ፌስታልም ፍሳሽም ደለልም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ነው። ረግረጉ የውሃውን ፍጥነት ይገታዋል፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ቄጠማው የተረፈውን ያጣራል። ከታች በ1996 ዓ.ም. የተጠናቀቀው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ አለ። ወደ ግድቡ ከሚወርደው ደለል ጥቂቱንም ቢሆን እንደ ቦዬ ያለ ረግረግ በነፃ ያስቀራል።

ከወፎቹ ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ባለዘውዱ ጥቁር ክሬን ነው። ከሩቅ ቆሞ ሲታይ ጠቆር ያለ ረጅም ወፍ ብቻ ይመስላል። ክንፉን ሲዘረጋ ነጩ ቦታ ቦግ ይላል። አናቱ ላይ እንደ ጭድ የቆመ ወርቃማ ዘውድ አለው፤ ጉንጩ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ ነው። ሲመገብ ሣሩን በእግሩ ይረግጣል፤ ፌንጣው ደንግጦ ሲዘል ለቀም ያደርገዋል። ጥንዶቹ ደግሞ ይጨፍራሉ፦ አንገት ሰበር፣ ክንፍ ዘርጋ፣ ዝለል። ዛፍ ላይ ማደር የሚችሉት የክሬን ዝርያዎች ባለዘውዶቹ ብቻ ናቸው፤ የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። ዝርያው በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ውስጥ ተመዝግቧል። እንቁላሉን የሚጥለው ረግረግ ውስጥ ስለሆነ ረግረጉ ሲደርቅ ጎጆውም አብሮ ይሄዳል።

ጃካና የሚባለው የውሃ ወፍም መታየት አለበት። ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠኑም፤ በዚያ ርዝመታቸው ክብደቱን በትነው ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ያራምዱታል። እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው። የግብፅ ዝይ፣ ቅዱስ አይቢስ፣ ከላም ኋላ የማይጠፋው ነጩ የከብት ወፍ፣ ትንሹ ዓሣ አጥማጅ ወፍ... ዝርዝሩ ይረዝማል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹት እንግዶች ይጨመራሉ።

ለፎቶ ምርጡ ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ትከርራለች፣ ነጩ ወፍ ላባው ሳይታይ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይወጣል። ለነጭ ወፍ ብርሃኑን ቀነስ፣ ለክሬኑ ጨመር ማድረግ ነው። 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካለ ጥሩ፤ ለሚበር ወፍ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባይወርድ ይመረጣል። ካሜራ የሌለው በሩቅ ማሳያ መነጽር ብቻ ቢሄድም አይከስርም፤ እንዲያውም ብዙ የሚያየው እሱ ነው። ወፉ አንገቱን ቀና አድርጎ ካፈጠጠ በጣም ተቀርቧል ማለት ነው። ለበረራ ፎቶ ብሎ ጠጠር መወርወር ነውር ነው። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይታሰብም።

ቦዬ ጉማሬም አለ። ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ሲነጋጋ ወደ ውሃው ይመለሳል። ፎቶ አንሺውም የሚደርሰው ልክ በዚያ ሰዓት ነው! በጉማሬና በውሃው መሃል መቆም ቀልድ አይደለም። ጉማሬው በየት በኩል እንደወጣ ለማወቅ እዚያው ከብት የሚያግዱትን ልጆች መጠየቅ ይሻላል። አካባቢው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ ነገሩን ሁሉ ያቀልላል።

የጅማ ዙሪያ ረግረጎች ጠላት ብዙ ነው። ለጡብ ሸክላ ይቆፈራሉ፣ ለበቆሎ ውሃቸው በቦይ ይፈሳል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልባቸዋል። ሆኖም ሁሉንም ተጠቃሚ በአንድ ላይ መኮነን ልክ አይመስለኝም። ለበዓል ቄጠማ አጭዳ ገበያ የምታወጣ ሴት ረግረጉ እንዲኖር ትፈልጋለች፤ ቄጠማው መልሶ ይበቅላል። ሸክላው ተቆፍሮ የሄደበት ጉድጓድ ግን እንደዚያ አይደለም።

ቀኑ ከተረፈ ከሰዓት በኋላ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መውጣት ነው። ረግረግ ላይ የማይገኙት የዛፍ ወፎች ያሉት ደግሞ በጥላ ዛፍ ሥር በሚለማ ቡና ውስጥ ነው። ራቅ ብሎ ደግሞ የጌራ ጫካ አለ፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል።