ከጉርምስና እስከ እርጅና፦ የኤሪክ ኤሪክሰን የዕድሜ እርከኖች

የሥነ ልቦና ሕክምና (ሳይኮአናሊሲስ) መሥራች ለሆነው ለሲግመንድ ፍሮይድ የሰው ባሕርይ መሠረቱ የሚጣለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ግን በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዕድሜን በስምንት እርከን ከፍሎ ሰው እስከ ሞት ድረስ ያድጋል አለ። አራቱ እርከኖች የልጅነት ናቸው። የቀሩት አራቱ ከጉርምስና ይጀምራሉ።

የጉርምስናው ጥያቄ «እኔ ማን ነኝ?» ነው። ኤሪክሰን ይህን ጥያቄ ከራሱ ሕይወት ያውቀዋል። በ1902 ፍራንክፈርት ተወለደ፤ ወላጅ አባቱን ሳያውቅ በአይሁዳዊ እንጀራ አባቱ ስም አደገ። ረጅምና ጸጉረ ወርቃማ ስለነበር ምኩራብ ውስጥ ልጆቹ እንደ ባዕድ ያዩታል። ትምህርት ቤት ደግሞ አይሁዳዊ ነህ ብለው ይተርቡታል። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። ሥዕል እየሳለ አውሮፓን ሲዞር ከቆየ በኋላ ቪየና ውስጥ በፍሮይድ ልጅ በአና ፍሮይድ ዘንድ ሠለጠነ። ኤሪክሰን የሚለውን ስም የያዘው በ1939 አሜሪካዊ ሲሆን ነው። ያለ ዲግሪም በኋላ ሃርቫርድ ፕሮፌሰር ሆነ።

ጎረምሳው አለባበሱን፣ ጓደኞቹን፣ አንዳንዴም እምነቱን ሲቀያይር ወላጅ «ይሄን ልጅ ምን ነካው?» ይላል። በኤሪክሰን እይታ ግን ያ የመሞከሪያ ጊዜ ያስፈልገዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ማርሺያ በ1966 ሐሳቡን ሲያሰፋው፣ ምንም ሳይሞክሩ ወላጅ የመረጠላቸውን እንዳለ የሚቀበሉ ወጣቶችን ለይቶ አሳየ። «ዶክተር ነው የምትሆነው» እየተባለ ያደገ የሀበሻ ልጅ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ እያወሩ ለሚያድጉት ደግሞ ጥያቄው ድርብ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሌላ ሰው ጋር በእውነት መቀራረብ ነው፤ ያ ካልሆነ ብቸኝነት ይከተላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ጊሊጋን በ1982 እዚህ ቅደም ተከተል ላይ ጥያቄ አነሳች። መጀመሪያ ራስን ማወቅ፣ ከዚያ መቀራረብ የሚለው የወንዶችን መንገድ እንጂ የሴቶችን አያሳይም አለች። ትክክል ትመስለኛለች።

በጎልማሳነት ሐሳቡ ወደ ተተኪ ይዞራል። ይህ ልጅ መውለድ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ማስተማር፣ ለሚመጣው ትውልድ ነገር ማቆየትም ነው። ይህ ያልሆነለት ሰው ባለበት ይረግጣል።

እርጅና ላይ ጥያቄው «የኖርኩት ሕይወት የኔ ነበር ወይ?» የሚል ነው። ስህተቱንም ጭምር ይዞ የተቀበለው ይረጋጋል። «ምነው እንዲህ ባደረግኩ» እያለ የሚኖር ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል። አእምሮም አንድ ላይ አያረጅም፤ ፍጥነቱ ቀድሞ ይቀንሳል፣ የቃላት እውቀት ግን ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የላውራ ካርስተንሰን ጥናቶች ደግሞ ሰው የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ ሲሰማው እንዲሁ የሚያውቃቸውን ቀነስ አድርጎ የልብ ወዳጆቹን እንደሚይዝ ያሳያሉ። ስለዚህ የአዛውንት ወዳጆች ማነስ ሁልጊዜ የብቸኝነት ምልክት አይደለም።

ኤሪክሰን በ1994 ሞተ። ሚስቱና የሥራ አጋሩ ጆን በ1997፣ በዘጠናዎቹ ዕድሜዋ፣ ዘጠነኛ እርከን ጨመረች። እንደ እሷ አባባል ስምንቱ እርከኖች የተጻፉት የመጨረሻውን እርጅና ገና ባልኖሩበት ዕድሜ ነው። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ዕድሜ የቀድሞዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ተመልሰው ይመጣሉ። የመጀመሪያው የሕፃንነት ጥያቄ፣ ማለትም የመተማመን ጉዳይ፣ አሁን የሚነሳው በገዛ ሰውነት ላይ ነው።