የፊልም ፌስቲቫል በመሃል አዲስ አበባ፦ አዳራሽ፣ ትርጉምና ውይይት

በመሃል አዲስ አበባ የፊልም ፌስቲቫል ሲባል ጥቂት ቀን የሚቆይ፣ ብዙ ጊዜ መግቢያው ነጻ የሆነ፣ ፊልሙ ሲያልቅ መብራት በርቶ ውይይት የሚከፈትበት ዝግጅት ነው። ከሲኒማ ቤት የሚለየው ውይይቱ ነው። ሲኒማ ቤት ተመልካቹን በአንድ በር አስገብቶ በሌላው ይሸኛል፤ ፌስቲቫል ግን ቁጭ አድርጎ ያነጋግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው አዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል በዘጋቢ ፊልሞች ላይ ያተኩራል። የአውሮፓ ፊልም ፌስቲቫል ደግሞ በባህል ማዕከላት አዳራሾች ይታያል። ጉማ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ጋር ይደባለቃል እንጂ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ነው።

አዳራሹ ብዙ ነገር ይወስናል። ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. የተከፈተ፣ ከሺህ በላይ መቀመጫ ያለው ቤት ነው፤ ለመክፈቻ ምሽት ያምራል። ነገር ግን 80 ሰው ብሔራዊ ውስጥ ሲቀመጥ ድንኳኑ ሊነሳ የደረሰ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ያው 80 ሰው በአንድ የባህል ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ሙሉ ቤት ነው፤ ማይክ ሳያስፈልገውም ይደማመጣል። ለዚህ ነው ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ለእንዲህ ዓይነት ዝግጅት የሚመረጡት።

ለአንድ ማኅበረሰብ ተብለው ከቆሙና ረጅም ዕድሜ ካላቸው የዓለም ፌስቲቫሎች መካከል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና የትራንስጀንደር ሰዎች ፌስቲቫሎች ይገኙበታል። ከእነዚህ አንጋፋው የሳንፍራንሲስኮው ፍሬምላይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በሱፐር ኤይት፣ ማለትም በአነስተኛ የቤት ካሜራ ፊልም፣ የተቀረጹ አጫጭር ፊልሞችን በማሳየት ተጀመረ። የበርሊን ፌስቲቫል ቴዲ የተባለውን ሽልማት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ በወደቀበት እ.ኤ.አ. በ1994 የራሷን ፌስቲቫል አቋቋመች። በእኛ አካባቢ ናይሮቢና ካምፓላ ሞክረውታል። የካምፓላው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀመር ቦታው ለተመዘገበ ሰው ብቻ የሚነገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ፖሊስ ገብቶ በተነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኬንያ ፊልም ቦርድ «ራፊኪ» የተባለውን የሁለት ሴቶች የፍቅር ታሪክ ሲያግድ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለ7 ቀን ብቻ እገዳውን አነሳ። በእነዚያ ቀናት የናይሮቢ ሲኒማ ቤቶች ሞልተው ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ በይፋ የሚካሄድ እንዲህ ያለ ፌስቲቫል የለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ አንቀጽ 630 ቅጣቱን የሚያከብዱ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ቢከለክልም፣ ፊልሙን ከማንም በፊት የሚያስቆመው የአዳራሹ ባለቤት ነው። ፖስተር የሚለጥፍ፣ ስፖንሰር የሚሆን፣ በስሙ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሳይገኝ ፌስቲቫል አይቆምም። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ ከተማዋ የሚደርሰው በሌሎች ፌስቲቫሎች ፕሮግራም ውስጥ ካለ አንድ ፊልም ገጸ ባሕርይ ወይም በስልክ ስክሪን ነው።

ያ ፊልም ወደ አማርኛ ሲተረጎም የሚያጋጥመው ችግር ከሕጉ ያላነሰ አስቸጋሪ ነው፤ በቋንቋችን ግሱ ራሱ ጾታ ይናገራልና። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ፍቅረኛው እየመጣ እንደሆነ ሲናገር፣ የሚመጣው ወንድ ይሁን ሴት ሳይገለጥ ታሪኩ ግማሽ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። በአማርኛ «ፍቅረኛዬ እየመጣ ነው» ወይም «እየመጣች ነው» ከማለት ማምለጫ የለም፤ ተርጓሚው ደራሲው የደበቀውን በሁለተኛው ደቂቃ ያወጣዋል። «እየመጡ ነው» በሚለው አንቱታ መሸፈን ይቻላል፤ ግን የ20 ዓመት ልጅ ስለ ጓደኛው ሲያወራ ስለ አያቱ የሚያወራ ያስመስለዋል። የተሻለው ብልሃት ግሱን መሸሽ ነው፦ «ፍቅረኛዬ መንገድ ላይ»፣ «ከፍቅረኛዬ ጋር ቀጠሮ አለኝ»። መጠሪያውም እንዲሁ ነው። የሕጉ ቃል «ግብረ ሰዶም» ከነፍርዱ የመጣ የኃጢአት ስም ነው፤ ማኅበረሰቡ እርስ በርሱ «ዜጋ» ይባባላል። ገጸ ባሕርዩ ስለ ራሱ ሲናገር የሕጉን ቃል በአፉ ማስገባት ተርጓሚው ፈራጅ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በስክሪኑ ግርጌ የሚነበበው የትርጉም ጽሑፍ (ሰብታይትል) ሥራ ይመጣል። አንድ ንባብ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ የሚወጣው ጽሑፍ፣ ከ2 መስመር፣ አንድ መስመር ደግሞ ከ30 ፊደል ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ፊደላችን ከላቲኑ ሰፋ ይላል። ከ1 ሰከንድ ያነሰ ንባብ አይነበብም። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አንድን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ንባብ ሲቆርጡ የመጀመሪያው ያለ ግስ ይንጠለጠላል፤ ቀልዱ ተዋናዩ ከሳቀ በኋላ ይደርሳል። ማሰሪያ ያለው አጭር ሐረግ ይሻላል። ፋይሉ በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት በሚያነቡበት ሥርዓት፣ ካልተቀመጠ ደግሞ በትልቁ ስክሪን ላይ የሚታየው ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ በተርጓሚው ኮምፒውተር ላይ ያማረ ይመስላል፤ አዳራሹ ላይ ግን የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጽሑፉን በፊልሙ ላይ አትሞ መምጣት ከዚህ ሁሉ ያድናል።

የፊልሙ መጠንም ቀላል አይደለም። ለሲኒማ ቤት ማጫወቻ የሚዘጋጀው ዲጂታል የፊልም ጥቅል (ዲሲፒ) በከፍተኛው ጥራቱ ለ90 ደቂቃ ፊልም እስከ 169 ጊጋባይት ይደርሳል፤ በኢንተርኔት ማውረዱ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በሴኮንድ 20 ሜጋቢት ሆኖ የተጨመቀ ፋይል 13.5 ጊጋባይት ነው፤ ለትንሽ አዳራሽ ይበቃል። ዲሲፒው የተቆለፈ ከሆነ መክፈቻ ቁልፉ የሚሠራው ለተሰጠው ጊዜ ብቻ ነው። የውጭ አከፋፋይ «6 ሰዓት» ሲል የማታውን 12 ሰዓት ማለቱ ነው፤ እኛ ደግሞ 6 ሰዓት ስንል ቀትር ነው። በደብዳቤው ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱም «ከምሽቱ» ወይም «ከቀኑ» ተብሎ ካልተጻፈ ቁልፉ አዳራሹ ሞልቶ እያለ ተዘግቶ ይቀራል።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ የሚያልፉት ሰከንዶች ማጫወቻውን ያጠፉታል፤ መልሶ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። የአምፖል ፕሮጀክተር ደግሞ ሳይበርድ መልሶ አይበራም። ለፕሮጀክተሩና ለማጫወቻው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚተካ ባትሪ) ማሰር፣ የደረሱበትንም ደቂቃ በየጊዜው በወረቀት መያዝ ግድ ነው። ድምፅ የሚፈተሸው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሰውና ካፖርት ሲገባ ድምፁን ስለሚውጥ ትንሽ ከፍ አድርጎ መተው ይሻላል።

ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ታክሲ ይሳሳል፤ የሩቅ ሰፈር ሰውና ሴቶች ቀድመው ይነሳሉ። 90 ደቂቃ ፊልም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከተጀመረ 1 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ለውይይት 40 ደቂቃ ሰጥቶ ሁሉን በጊዜ መሸኘት ይቻላል። ቅዳሜና እሁድ ማታ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ትልቅ ጨዋታ ካለ ግን ዘጋቢ ፊልም ማሳየት ከንቱ ልፋት ነው።

ውይይቱን የሚገድለው የመጀመሪያው ተናጋሪ ነው። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ማይክ የጨበጠ ሰው 7 ደቂቃ ሳያወራ አይለቅም። ስለዚህ ማይኩን የሚይዘው አስተናባሪው እንጂ ጠያቂው መሆን የለበትም። ከፊልሙ በፊት ወረቀትና እርሳስ ማደሉ ይበልጥ ያዋጣል፦ ስሙን ሳይጽፍ የሚጠይቅ ሰው እጁን አውጥቶ ፈጽሞ የማያነሳውን ጉዳይ ያነሳል። አስተናባሪው ወረቀቶቹን አንብቦ ተመሳሳዮቹን ያዋህዳል፣ ስድቡን ያስቀራል። ፎቶ ማንሳት የተከለከለ ከሆነም ማስታወቂያው መነገር ያለበት ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መብራት ከበራ በኋላ ቢነገር ስልኩ ቀድሞ ተነስቷል።