ወታደራዊ ሕግ ምንድን ነው? ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጅስ በምን ይለያል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወሬ ሲነሳ «ያለነው በወታደር ሕግ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አባባሉ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከሐረጎ ቁልቁል የሚወርደውን ሚኒባስ ኬላ ላይ የሚያስቆመው፣ ተሳፋሪውን አስወርዶ መታወቂያ የሚያየው ባለ መለዮ ነው። በሕግ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ዜጋ ማንን ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ያውቃል።

ወታደራዊ ሕግ ማለት የሲቪል አስተዳደሩ ሥልጣን ለጦር ሠራዊቱ የሚተላለፍበት ሁኔታ ነው። የጦር አዛዡ ትእዛዝ ያወጣል፣ ሠራዊቱ ያስፈጽማል፣ ብዙ ጊዜም ሲቪሉ በወታደራዊ ችሎት ይዳኛል። በፊሊፒንስ ፈርዲናንድ ማርኮስ እ.ኤ.አ. በ1972 አውጀውት እስከ 1981 ቆይቷል። በደቡብ ኮሪያ ደግሞ ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሌሊት ላይ ቢያውጁትም፣ የምክር ቤት አባላት ተሰብስበው 190 ለ0 በሆነ ድምፅ እንዲነሳ ስለወሰኑ ከሰዓታት በላይ አልቆየም። በእኛም አገር ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ሲያወርድ ሕገ መንግሥቱን አግዶ፣ ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማ ከልክሎ፣ ይግባኝ የማይባልበት ልዩ የጦር ፍርድ ቤት እንደሚቋቋም ደንግጓል። ስሙን ባይጠሩትም አገዛዙ ወታደራዊ ሕግ ነበር።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ወታደራዊ ሕግ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው በአንቀጽ 93 የተደነገገውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። የውጭ ወረራ፣ በመደበኛው የሕግ ማስከበር ሥርዓት ሊገታ የማይችል ሥርዓትን የሚያናጋ አደጋ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲከሰት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያውጀዋል። የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት፣ በዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ ለመጽደቅም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። ዕድሜው እስከ ስድስት ወር ነው፤ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል።

የ48 ሰዓቱንም የ15 ቀኑንም መንገድ በዚህ አካባቢ አይተነዋል። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ሰሞን፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የታወጀው በሁለት ቀን ውስጥ ጸደቀ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የታወጀው ግን ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ ስለነበረ ነሐሴ 8 ቀን ነው የጸደቀው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለአራት ወር ተራዘመ።

ሕዝቡ ወታደራዊ ሕግንና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን የሚያምታታው ያለ ምክንያት አይደለም። የ2014ቱ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው ማሰርን ፈቅዷል፤ አስፈላጊ በሆነበት አካባቢ የአስተዳደር መዋቅሩን አግዶ በወታደራዊ አመራር መተካትንም እንዲሁ። ይህ ከወታደራዊ ሕግ ደጃፍ የሚያደርስ ሥልጣን ነው። ከደጃፉ እንዳያልፍ የሚይዘው የምክር ቤቱ ድምፅና የጊዜ ገደቡ ስለሆነ፣ እነዚህ ሲላሉ ዝም ማለት አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ከአዋጁ ጋር አብረው የሚነሱ ቃላትም አሉ። ሰዓት እላፊ በተወሰነ ሰዓት ከቤት መውጣትን የሚከለክል እርምጃ ብቻ ነው፤ ኮማንድ ፖስት አዋጁን የሚያስፈጽመው የጸጥታ አካላት ዕዝ ነው። የጦርነት አዋጅ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው፤ በአንቀጽ 55 መሠረት የሚያውጀው የተወካዮች ምክር ቤት ነው።

በአዋጁ ጊዜም የማይነኩ መብቶች አሉ። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብትን የያዘው አንቀጽ 25 ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የሚያሳስበኝ በሕይወት የመኖር መብት በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ ነው። ሆኖም ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ይህ መብት በምንም ዓይነት አደጋ ጊዜ እንዳይታገድ ይከለክላል፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ልጇ ተይዞባት ምሳ ዕቃ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ለቆመች እናት ከሁሉም የሚቀርባት የመርማሪ ቦርዱ ጉዳይ ነው። ምክር ቤቱ ከአባላቱና ከሕግ ባለሙያዎች መካከል መርጦ የሚመድባቸው ሰባት ሰዎች ያሉበት ይህ ቦርድ፣ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሁሉ ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ወሩ ካለፈና የልጇ ስም ካልተገለጸ ቦርዱን በስም ጠርታ መጠየቅ ትችላለች። አዋጁ ሲያበቃ ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለው አንቀጽ 19 በሙሉ ኃይሉ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ክስ ማቆየት በአዋጁ የሚመካኝ አይደለም፤ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ሊቀርብበት ይችላል።